ለቃሬዛ የሚመች ሰው

በዩኒቨርሲቲያችን የመጀመሪያ እርዳታ ክበብ ውስጥ የእኔ ሥራ መውደቅ ነው። ሌላው ያክማል፣ ሌላው ቃሬዛ ይሸከማል፣ ሌላው በድምፅ ማጉያ ያብራራል፤ እኔ እወድቃለሁ። ከደረጃ እወድቃለሁ፣ ከብስክሌት እወድቃለሁ፣ ኤሌክትሪክ ይይዘኛል፣ ዳቦ ያንቀኛል። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የስፖርት አዳራሹ ወለል ላይ ተዘርሬ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪዎች ተራ በተራ ያድኑኛል። ስምም አውጥተውልኛል፤ ሟቹ ይሉኛል። «ሟቹ መጣ?» «ሟቹን አዙሩት እስቲ።» «ሟች፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በልልን።» መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቅጽል ስም የሚወጣው ለሚቀርቡት ሰው ነው ብዬ። ለማይቀርቡትም ይወጣል ለካ።

እንዴት እንደገባሁ ልንገራችሁ። በዓመቱ መጀመሪያ ክበቦቹ ሁሉ ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘርግተው አባል ይመዘግባሉ። ጤና ሳይንስ የገባነውን አዲሶቹን «ከትምህርታችሁ ጎን ለጎን ሰው አገልግሉ፣ ነገ ይጠቅማችኋል» ብለው መክረውን ስለነበር ጠረጴዛዎቹን ወረርናቸው። እኔ እውነቱን ለመናገር አገልግሎቱ ላይ ያን ያህል አልነበርኩም። ሰው ፈልጌ ነው የሄድኩት። ዶርም ውስጥ ስድስት ነን፤ አምስቱ ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት አብረው የመጡ ናቸው። ክፉዎች አይደሉም። ሲስቁ ግን በምን እንደሚስቁ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ያስረዱኝ ነበር፤ ቀልድ ደግሞ ሲያስረዱት ይሞታል። በኋላ እነሱም ማስረዳቱ ሰለቻቸው፣ እኔም መጠየቁን ተውኩት።

እናም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞርኩ። የደም ለጋሾቹ ኪሎዬን ጠይቀው በትሕትና ሸኙኝ። ሆስፒታል እየሄዱ በሽተኛ የሚጠይቁት በጎ ፈቃደኞች ከሦስተኛ ዓመት በታች አንቀበልም አሉ። በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ስለ ንጽሕና የሚያስተምረው ቡድን ደግሞ አንድ አንቀጽ አስነበበኝና «ወንድሜ፣ እኛም አልሰማንህም፤ ከኋላ ያሉት ልጆች ምን ይሁኑ?» አለኝ። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያ እርዳታ ክበብ ጠረጴዛ ጋ ደረስኩ። ሊቀመንበሩ ረጅም የሕክምና ተማሪ ነው፤ ሲያወራህ ከጭንቅላትህ በላይ ያለ ሰው የሚያናግር ይመስልሃል። የክበቡ የልምምድ አሻንጉሊት ደረቷ በብዙ እጅ ተደቁሶ ከተቀደደ ቆይቷል፤ በእሷ ቦታ የሚተኛ ሰው ነበር የሚፈልጉት። ሊቀመንበሩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ቀላል ነህ አይደል?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «ለቃሬዛ ትመቻለህ» አለና መዘገበኝ። እንዲህ ተፈልጌ ስለማላውቅ አመሰገንኩት።

ተኝቶ መታከም የራሱ የሆነ ነገር አለው። የወደቀ ሰው ያገኘ ሁሉ መጀመሪያ ተንበርክኮ ሁለቱን ትከሻዎቹን መታ መታ ማድረግና ጆሮው ስር ጮክ ብሎ «ይሰማሃል? ደህና ነህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይሄ የእነሱ ሕግ ነው። ሟች አይመልስም፤ ይሄ ደግሞ የእኔ። አንድ ጊዜ አስነጥሶኝ ሊቀመንበሩ ተቆጥቶኛል። እና ሳስበው፣ በሳምንቱ ውስጥ ሰው ደህና ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ እዚያ ወለል ላይ ብቻ ነበር፤ እዚያ ደግሞ መመለስ ክልክል ነው።

ሁሉንም በእጃቸው አውቃቸዋለሁ። የሊቀመንበሩ እጅ ቀዝቃዛና ችኩል ነው፤ ልብስ እንደሚያጥፍ ሰው ገልብጦ በጎን ያስተኛኛል። የባለመነጽሯ እጅ ደግሞ የሳሙና ሽታ አለው። ባለመነጽሯ የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ በክበቡ ውስጥ እንደ እሷ ቅደም ተከተል የሚጠፋው ሰው የለም። ስታጎነብስ መነጽሯ ይንሸራተታል፤ አንዴ አፍንጫዬ ላይ ወድቆብኝ ያውቃል። ከወደቀው ሰው ዘመድ የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች አሉ፦ ምን ደረሰበት? የሚወስደው መድኃኒት አለ? የማይስማማው ነገር አለ? መጨረሻ የበላው መቼ ነው? እሷ ግራ ሲገባት እነዚህን ጥያቄዎች ዘመድ ትታ ራሱን የሳተውን እኔን ትጠይቀኛለች። «ሴትዮ፣ ራሱን ስቷል እኮ!» ሲላት ሊቀመንበሩ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ከውስጥ እስቃለሁ። አብሬያቸው የምስቀው እዚያች ላይ ብቻ ነበር።

ልምምዱ ሲያልቅ እጃቸውን ጠርገው ተያይዘው ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ። አንድ ቅዳሜ ቃሬዛው ላይ በአራት ቀበቶ ጠፍረው አስረውኝ ነበር። ሻይ ተባለ፤ ሁሉም ወጡ፤ በሩ ተዘጋ። መጥተው ይፈቱኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጣራው ስር አንዲት ወፍ ገብታ መውጫ አጥታ ትበራለች፤ እሷን እያየሁ ቆየሁ። የፈታችኝ ወለል ልትወለውል የመጣችው የጽዳት ሠራተኛ ናት። «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ። ምንም አልኳት። እነሱ እስከ ዛሬ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸው። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ ረስታችሁኝ ሄዳችሁ? ሆድ ይብሳል እንጂ አይነገርም።

አሁን ስለ እትዬ ላውራ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነው። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ነች። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አውቶቡሱ ጋ ቆማ አለቀሰች። ለርቀቱ አልነበረም። «አንተ ሰው አትጠራም» አለችኝ፤ «ሰው ሲጠራህ ነው የምትሄደው። እዚያ ማን ይጠራህ ይሆን?» ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ስትደውል ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ «ጓደኛ አገኘህ?» ነው። እስካሁን አልሆነልኝም ስላት ድምፅዋ ይወርዳል። መርፌዋ ላይ ሆና እንደምታስበኝ አውቃለሁ፤ ጎረቤቷም «እህትህ እንቅልፍ አጥታለች» ብላ ነግራኛለች።

አንድ እሑድ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አገኘሁ» አልኳት። አልኩና አላቆምኩም። ሊቀመንበሩ ምሳ ላይ ቦታ ይዞ ይጠብቀኛል አልኳት። ቃሬዛ የሚሸከሙት ልጆች ያለ እኔ ሻይ አይጠጡም አልኳት። ጉንፋን የጣለኝ ጊዜ ባለመነጽሯ በፔርሙስ ሾርባ ይዛ መጣች አልኳት። ጉንፋኑ እውነት ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቼ ሳለ አንዱ የዶርም ልጅ ገብቶ ቻርጀሩን ነቀለና «ተኝተሃል እንዴ?» ብሎ መልሴን ሳይጠብቅ ወጣ። ሾርባውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እትዬ ግን በስልኩ ውስጥ ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። «ልጅቷን እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል።» እንዲህ ካለችኝ በኋላ እንዴት አድርጌ ልመለስ?

ከዚያ በዓመቱ መገባደጃ ላይ ደወለችና «የፊታችን ቅዳሜ ጨርቅ ልገዛ እናንተ ጋ እመጣለሁ» አለች። «ከሰዓት እደርሳለሁ። ያቺን ባለሾርባ ልጅ ሳልስም አልመለስም፤ እወቅ!»

ክው አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ክበቡ በትልቁ ሜዳ ላይ ለተማሪውና ለእንግዶች ትልቅ ትዕይንት የሚያሳይበት ቀን ነው። እትዬ እኔን አካሚ እንጂ ታካሚ አድርጋ አታውቀኝም፤ መውደቄን አልነገርኳትም። ቢሆንም እሷ የምትመጣው ከሰዓት ነው፤ ጠዋት ወድቄ፣ ታጥቤ፣ ለብሼ እጠብቃታለሁ። የጎደለኝ ጓደኛ ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ ለአንድ ሻይ። ሳምንቱን ሙሉ ባለመነጽሯን ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ዓርብ ዕለት ፋሻ ስትጠቀልል አገኘኋትና «እ… ቅዳሜ ከሰዓት…» ስል «ጠዋት ነው እንጂ!» ብላ ደነገጠች፤ «ትዕይንቱ ጠዋት ነው፤ ደግሞ እንዳትቀር ሟቹ!» ብላ ሮጠች። የሰው ልጅ ይህን ያህል ቀላል ነገር ለመናገር ይህን ያህል ይከብደዋል? እኔን ይከብደኛል። ዶርሜ ገብቼ ለብቻዬ «አንድ ሻይ አብረሽን ብትጠጪ» እያልኩ ለግድግዳው ተለማመድኩ።

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። በወረቀት ላይ ያለው ጉዳይ እንዲህ ነው፤ ሞተር ብስክሌት ገጭቶኛል፣ ግንባሬ ተፈንክቷል፣ እግሬ ተሰብሯል። ደሙን የሠሩልኝ ከስኳር ውሃና ከቀይ ቀለም ነው፤ ስኳሩን ያዩ ዝንቦች ከየት እንደመጡ እንጃ ፊቴን ወረሩኝ። ተመልካቹ «ወይኔ!» ሲል ሰማሁ፤ ዝንቡ ከእኛ ሁሉ የተሻለ ተዋናይ ሆኖ ተገኘ። ሊቀመንበሩ አንድ ነገር አስቀድሞ አዘጋጅቷል። እውነተኛ አደጋ ላይ ዘመድ እየጮኸ ይመጣል፤ አካሚው መደናገጥ የለበትም። ስለዚህ ከቲያትር ክበብ አንዲት ተማሪ ለምኗል፤ እህቴ ሆና እያለቀሰች ትገባለች፤ መቼና ከየት እንደምትገባ ግን ማንም አያውቅም፤ አባላቱ ፊቷንም አያውቁትም። «ምንም ብትል ሥራችሁን እንዳታቆሙ» ብሏቸዋል። «አንድ ሰው ይያዛትና አራቱን ጥያቄ ይጠይቃት፤ እኔ ማጉያውን እይዝላታለሁ፤ ሕዝቡ ይስማ።»

ወደቅኩ። ትከሻዬ ተመታ፣ ደህና ነህ ወይ ተባልኩ፣ አልመለስኩም። ግንባሬን ከነዓይኔ በፋሻ ጠቀለሉኝ፣ እግሬን በጣውላ አሰሩ፣ ቃሬዛው ላይ አድርገው ቀበቶዎቹን አጠበቁ። ያኔ ነው ከሕዝቡ ውስጥ ጩኸቱ የመጣው።

«ማሙሽ! ማሙሽዬ! ልቀቁኝ፣ ወንድሜ ነው!»

ማሙሽ የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። ጠዋት በወጣው አውቶቡስ ቀድማ ደርሳ፣ ጥበቃው «ልጆቹ ሜዳ ላይ ናቸው» ብሏት፣ ሰው ገፍታ ከፊት ስትቆም ነው ያየችኝ፤ ይሄን በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ የሰማሁት ጫማዋ ሣሩ ላይ ሲሮጥና የሊቀመንበሩ ድምፅ በደስታ «መጣች፣ መጣች! ያዟት! ሥራ እንዳይቆም!» ሲል ነው።

«እትዬ» አልኩ።

«ሟች አትናገር!» አለ ሊቀመንበሩ በጥርሱ መካከል። ልነሳ ስል ቀበቶው ያዘኝ፤ ሁለት እጆች ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ አጥብቀው ያዙ። «እየተንፈራገጠ ነው፤ ጥሩ ነው፤ አንገቱን ጠብቁ!»

ከዚያ ማጉያው ጮኸ፤ የባለመነጽሯ ድምፅ መጣ። «እህቴ፣ ይረጋጉ። ልንረዳው ነው። የሚወስደው መድኃኒት አለ?»

«ምንም አይወስድም! ጤነኛ ልጅ ነው የሰጠኋችሁ!» የእትዬ ድምፅ በማጉያው ውስጥ አልፎ ከሕንፃዎቹ ተመልሶ መጣ።

«የማይስማማው ነገር አለ?»

«እንቁላል! እንቁላል እንዳታስነኩት፤ ፊቱ ያብጣል፤ ትንፋሹ ይዘጋል! ኧረ ወንድሜን!»

«መጨረሻ የበላው መቼ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ከእናንተ ጋር ነው የሚበላው!» አለች እትዬ። «ጓደኞቹን ጥሩልኝ! ጓደኞቹ ያውቃሉ! ረጅሙ ልጅ የት አለ፣ ምሳ ላይ ቦታ የሚይዝለት? ያለ እሱ ሻይ አይጠጡም እኮ! ባለመነጽሯን ጥሩልኝ፣ ሲታመም ሾርባ ያመጣችለትን! እሑድ እሑድ ስለ እነሱ ነው የሚያወራልኝ! እንደዚህ ሲወድቅ የት ሄዱበት?»

ማጉያው ይህንን ሁሉ ለመላው ግቢ አሰማ። ፋሻው ዓይኔን ስለሸፈነ የማንንም ፊት አላየሁም፤ ግን ጭንቅላቴን የያዙት እጆች እንደላሉ ተሰማኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ለመንኩ። ታስሬ ስለነበር መሮጥ እንኳን አልቻልኩም። ሟች መሆን የማይመች ሆኖ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው።

በዚህ መሀል ከሌላው ጎን ሌላ ጩኸት መጣ። «ወንድሜን! ወንድሜን ምን አደረጋችሁት!» የቲያትር ክበቧ ልጅ ናት፤ ደረቷን እየደቃች፣ በጉልበቷ እየሄደች፣ አምሮባት። እትዬ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ውይ» አለች በተራ ድምፅ፤ «ሌላ ሰው ወስዳችሁ ነበር እንዴ?»

አንድ ሰው ፋሻውን ከዓይኔ ላይ ገፋልኝ፤ ባለመነጽሯ ነበረች። እትዬ ተንበርክካ ግንባሬን ነካች፣ ጣቷን አየች፣ አሸተተች፣ ምላሷ ላይ አደረገች። «ስኳር?» አለች። ከዚያ ትከሻዬን በጥፊ መታችኝና እዚያው ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። ሕዝቡ የትዕይንቱ ክፍል መስሎት ተነስቶ አጨበጨበ፤ ሊቀመንበሩ ያን ያህል ጭብጨባ አግኝቶ አያውቅም።

ክበቡ ግን አላጨበጨበም። ዙሪያዬን ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች፤ መነጽሩን አየች። «አንቺ ነሽ ባለሾርባዋ?»

ባለመነጽሯ እኔን አየችኝ። እኔ ገና ቀበቶው ውስጥ ነኝ፤ በዓይኔም ምንም አልለመንኳትም፤ ዘጋሁት። «አዎ» ስትል ሰማኋት። «እኔ ነኝ እትዬ።» እትዬ ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና «ኑ እንግዲህ፤ ምሳ ከእኛ ጋር ነው» አለ።

ያን ቀን ያየሁትን ምሳ አልረሳውም። ካፍቴሪያው ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ገጠሙ። ሊቀመንበሩ ወንበር ስቦ ካፍቴሪያው እስኪሰማ «ቦታህን ይዤልሃለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው!» አለ። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ጀርባዬን ይመቱኛል፤ «እሱ ከሌለማ ሻይ አይወርድልንም» ይላሉ። ስሙ ብቻ አስቸገራቸው። ሊቀመንበሩ «ሟ…» ብሎ ጀመረና እትዬን አይቶ «ማሙሽ፣ ጨው አቀብለኝ እስቲ» አለ። እትዬ ትስቃለች፤ ለሁሉም ውሃ ትቀዳለች፤ የአንዱን የተቀደደ ኪስ አይታ መርፌ ከቦርሳዋ አወጣች። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ሞቴን ተመኘሁ። አዳራሹ ውስጥ ታስሬ የቀረሁ ዕለት እንኳን እንደዚያ ብቻዬን አልነበርኩም። ያን ዕለት የረሱኝ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ደግሞ አዝነውልኝ የሚተውኑልኝ ሆኑ። ጎበዞች ናቸው፣ ተለማምደዋል፤ የወደቀ ሰው ሲያዩ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ።

መጨረሻ ላይ ሊቀመንበሩ ሞቅ ብሎት ከራሱ ሰሃን የተቀቀለ እንቁላል አንስቶ ሰሃኔ ላይ አደረገ። «ብላ እንጂ! እትዬ፣ እንቁላል እኮ ነፍሱ ነው፤ ሁልጊዜ የእኔን ይቀማኛል!» ከጠረጴዛው ስር ድብ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሊቀመንበሩ ፊቱ ተኮማተረ። ባለመነጽሯ ምንም ሳትል እንቁላሉን በሹካዋ ወስዳ የራሷ ሰሃን ላይ አደረገች። እትዬ ውሃ እየቀዳች ነበር፤ አላየችም ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

አመሻሹ ላይ አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘኋት። የጨርቅ ጥቅሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመስኮት በኩል ታየኛለች። ሹፌሩ ገና አልመጣም።

«ጥሩ ልጆች ናቸው» አለች።

«ናቸው።»

«ያ ረጅሙ በተለይ ደከመ። ወገቡ እስኪጎብጥ ነው የደከመው፣ የኔ ልጅ።» ጥቅሉን አስተካከለች። «ግን ያን ሁሉ ስጮህ ማጉያውን የያዘልኝ እሱ ነው፤ እንቁላሉን አልሰማም።»

ዓይኔ ሞላ፤ ሰው እንዳያይ ወደ ጎማው አጎነበስኩ። «እትዬ፣ እንቅልፍ እንዲወስድሽ ብዬ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ ማሙሽ።» እጇን በመስኮቱ አውጥታ ከጆሮዬ ስር የቀረውን ቀይ ስኳር በምራቋ ጠረገችልኝ፤ ልጅ ሆኜ እንደምታደርገው። «ሾርባውን እንኳን ስልክ ላይ ሆኜ ጠርጥሬ ነበር። ፔርሙሱን መለስክላት ወይ ስልህ ወሬ ቀየርክ። ግን ስማኝ፤ ያቺ ልጅ ረገጠችው። አይቻለሁ፤ ከጠረጴዛ ስር ስትረግጠው አይቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንድ ሰው ሰምቶኛል ማለት ነው።» ሹፌሩ ገባና ሞተሩን አስነሳ። «አሁን ጥራት። እኔ አልጠራልህም» አለችኝ፤ አውቶቡሱም ይዟት ሄደ።

የሚቀጥለውን ቅዳሜ አልሄድም ብዬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በመንገድ ላይ ሲያዩኝ ሰላምታቸው ከልክ በላይ ሞቅ ይላል፤ ቶሎም ያልፋሉ። ያፍራሉ፤ እኔም አፍራለሁ። እሑድ እትዬ ስትደውል «ጠራሃት?» አለች፤ አልጠራኋትም አልኳት፤ እሺ ብላ ስለ ጨርቁ አወራች። ቅዳሜ ጠዋት ሲነጋ ግን ዶርሙ በአምስቱ ሳቅ ተሞላ፤ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። የዶርሙን ጣራ ሳይ ከምውል የአዳራሹ ወለል ይሻለኛል።

አዳራሹ ውስጥ ማንም ሟቹ ብሎ አልጠራኝም፤ ሌላ የሚጠሩኝ ነገር ስላልነበራቸው ዝም አሉ። በእጃቸው ምልክት አሳዩኝ፤ ተኛሁ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለት ሦስቱ ተራ በተራ አዳኑኝ፣ ከወትሮው ለስለስ አድርገው። ከዚያ የሳሙና ሽታ መጣ። ትከሻዬ ተመታ።

«ይሰማሃል? ደህና ነህ?»

አልመለስኩም፤ ሕግ ነው። ትንፋሼን አዳመጠች፣ በጎን አስተኛችኝ፤ ዛሬ ቅደም ተከተሉ አልጠፋትም። ጨረሰች ብዬ ስጠብቅ ግን አልተነሳችም። ጎንበስ አለች፤ መነጽሯ ተንሸራቶ ጉንጬን ነካኝ።

«መጨረሻ የበላኸው መቼ ነው?» አለች።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። «ኧረ ተይ!» አለ ሊቀመንበሩ። «ራሱን የሳተ ሰው አይጠየቅም! ስንት ጊዜ እንንገርሽ? ዘመዱን ነው የምትጠይቂው!»

«ዘመዱ ሄደች እኮ» አለች ባለመነጽሯ። «ማንን ልጠይቅ ታዲያ?»

እጇ ትከሻዬ ላይ ነው፤ አላነሳችውም። ለግድግዳው የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። «ትናንት ቀን» አልኩ። «ብቻዬን። ዛሬ… ዛሬ ምሳ አብረሽኝ ትበያለሽ?»